ስልኩን አስቀምጪና ዝናቡን ሳዪው፦ የርቀት ፍቅርን በኮሚክ ስለመሥራት

ጥያቄው ይሄ ነው፦ "ጋሼ እንዴት ነዎት? ጅማ ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ፣ በትርፍ ሰዓቴ ሥዕል እሞክራለሁ። እጮኛዬ ካልጋሪ ካናዳ ከሄደ 4 ዓመት ሊሞላው ነው። የኛን ታሪክ በኮሚክ (በተከታታይ ሥዕልና ጽሑፍ ማለቴ ነው) ጀምሬ 12 ገጽ ደርሻለሁ ግን ሁሉም ገጽ ላይ ሁለታችንም ስልክ ይዘን ተቀምጠን ነው ያለነው፣ ለራሴም ሰለቸኝ (በክረምት ደሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ስለማንሰማማ ዝም ብለን እንተያያለን)። የላከልኝን ሜሴጆች እንዳሉ ባስገባቸው ችግር አለው? እሱ እየሠራሁ እንደሆነ አያውቅም፣ ሰርፕራይዝ ነው። ደሞ ገና ስላልተገናኘን መጨረሻውን ምን ላድርገው?"

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ቅንፍ ውስጥ ያስገባሻት ነገር ላይ ነው፣ የቆርቆሮው ዝናብ ላይ ማለቴ ነው። እንደ ትርፍ ነገር አልፈሻታል ግን እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ኮሚክሽ ያለው እሷ ውስጥ ነው። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ፣ ሥዕል አስተምራለሁ፣ ለልጆች መጻሕፍት እስላለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን የኖርንበትን 3 ዓመት ደሞ በ64 ገጽ ኮሚክ ሠርቼዋለሁ፣ ስለዚህ አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ገጾቹ ለምን እንደሰለቹሽ ልንገርሽ። የርቀት ፍቅርን የሚሥል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሥለው ሲያወሩ ነው፣ ምክንያቱም ፍቅሩ ያለው እዛ ስለሚመስለው። ግን አስቢው፣ ከእሱ ጋር በቀን ስንት ሰዓት ታወሪያለሽ? አንድ ሰዓት እንበል። የቀረው 23 ሰዓትስ? ናፍቆቱ ያለው እኮ እዛ 23 ሰዓት ውስጥ ነው። ስልክ የያዘ ሰው ፊት ደሞ ለሥዕል በጣም ከባድ ነገር ነው፣ ሰውየው ሲያለቅስም ሲስቅም ቪዲዮ ሲያይም አንገቱ ያው ተደፍቶ ነው፣ እጁ ያው ነው፣ ትከሻው ያው ነው። 12 ገጽ ሙሉ አንድ አቀማመጥ ሥለሻል ማለት ነው፣ ችሎታሽ ስላነሰ አይደለም።

እና ወደ ዝናቡ። ይቺን እንደ አንድ ሙሉ ገጽ እንሥራት። ገጹን ለስድስት ፓነል፣ ማለትም ለስድስት የሥዕል ሳጥን፣ ክፈዪው። የመጀመሪያው ላይ አንቺ የለሽም፣ ቆርቆሮው ብቻ ነው፣ ዝገቱ፣ የሚስማሩ ራስ፣ አንዲት ጠብታ፣ አጠገቧ በትንሹ "ጠብ" ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ላይ እሱ እያወራ ነው፣ የንግግር አረፋው (ቃሉ የሚጻፍበት ክብ) ሙሉ ነው፣ ሁሉም ቃል ይነበባል፣ ከላይ "ጠብ ጠብ" መጥቷል። ሦስተኛው ላይ "ሿ" የሚለው ፊደል ከጣሪያው ወርዶ የአረፋውን ጫፍ ይሸፍነዋል፣ እዚህ ጋ ፊደሉን ራሱን እንደ ውሃ ነው የምትስይው፣ ወፍራም፣ ወደታች የሚፈስ። አራተኛው ላይ "ሿሿሿ" ፓነሉን ሞልቶት ከእሱ ንግግር "ናፍ" የምትለዋ ብቻ ትታያለች። አምስተኛው ላይ ምንም ቃል የለም ምንም ድምፅም የለም፣ ዝናቡ አልቆመም ግን "ሿ"ውንም አጥፊው፣ የእሱ ፊትና ያንቺ ፊት ብቻ፣ በዛ ጩኸት ውስጥ ለሁለታችሁ ጸጥ ማለቱ ነው። ስድስተኛው ላይ ዝናቡ አባርቷል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ጎረቤት አንድ ሰው በር ከፍቶ ወጥቷል፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። በቃ። ማንም የጅማ ክረምት ያየ ሰው ይቺን ገጽ አይቶ አያልፋትም፣ ጅማን ያላየውም ይገባዋል።

አየሽ አማርኛ ለኮሚክ የታደለ ቋንቋ ነው፣ ለዚህ ሥራ ሌላ ቋንቋ አያስቀናኝም። በአሜሪካ ኮሚክ ድምፅ በብዛት የሚጻፈው በር ሲዘጋ፣ ጥይት ሲተኮስ ምናምን ነው። እኛ ግን ድምፅ ለሌለውም ነገር ድምፅ አለን። ጭው አለ እንላለን፣ ክው አለች እንላለን፣ ጸጥ አለ፣ ፍዝዝ አለ፣ መብራቱ ድርግም አለ። ሰው ሲናፍቀን ደሞ ባር ባር አለኝ እንላለን። "ባር ባር" የሚለውን በትንንሽ ፊደል የባዶ ክፍል ጥግ ላይ፣ ሰዓት ግድግዳ ላይ "ቋ ቋ" እንደሚለው አድርገሽ ብትጽፊው አንባቢሽ አንቺን ሳያይ ምን እንደሆንሽ ያውቃል። "ናፈቀኝ" ብለሽ በአረፋ ውስጥ ከምትጽፊው አሥር እጥፍ ይሻላል።

በፓነልና በፓነል መካከል ያለችው ነጭ ቦታ ላይም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ላንቺ ታሪክ ከሁሉም በላይ የምታስፈልግሽ እሷ ናት። ስኮት ማክላውድ የሚባል አሜሪካዊ ኮሚክ ሠሪ በ1993 እ.ኤ.አ. ኮሚክን ራሱን በኮሚክ ያስረዳበት መጽሐፍ አለው፣ እዛ ላይ ዋና አድርጎ የሚያነሳው ነገር ሁለት ሥዕል መካከል የተፈጠረውን ነገር የሚሞላው አንባቢው ነው የሚል ነው። አንድ ፓነል ላይ የተነሳ መጥረቢያ፣ ቀጣዩ ላይ ከቤት ውጪ ጩኸት፣ ገዳዩ ማን ነው ብትዪ አንባቢው ራሱ ነው። አሁን ይሄን ወደ እናንተ አምጪው። ግራ ላይ አንቺ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመሻል፣ ቀኝ ላይ እሱ መስኮት ላይ ቆሟል፣ መሃል ላይ ነጭ ክፍተት። ሁለታችሁን የሚያገናኛችሁ አንባቢው ነው ማለት ነው፣ ስልክ አያስፈልግም። ክፍተቷን ደሞ መጫወቻ አድርጊያት፣ በደህናው ሳምንት ጠባብ፣ ስትኳረፉ ሰፊ። እኔ አንድ ቦታ ላይ ገጹን ግማሹን ነጭ ትቼዋለሁ፣ አሳታሚው ስህተት መስሎት ጠየቀኝ፣ ተውት አልኩት።

ስለ ሰዓቱ ደሞ እንነጋገር፣ እዚህ ላይ ብዙ ያልነካሽው ሀብት አለ። ካልጋሪ ከኛ በበጋቸው 9 ሰዓት በክረምታቸው 10 ሰዓት ወደኋላ ናት። ነርስ ነሽ፣ ናይት ትገቢያለሽ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዋርዱ ጸጥ ሲል እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በኛ አቆጣጠር በበጋቸው 11 ሰዓት በክረምታቸው 10። ሁሉም ሰው በተኛበት ሰዓት ለሁለታችሁ የጋራ ሰዓት ተገኘ ማለት ነው። አሁን ብርሃኑን ተመልከቺ። ካልጋሪ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51ኛው ዲግሪ ላይ ነች፣ በዲሴምበር የቀን ብርሃን ያላት 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ በጁን ከ16 ሰዓት በላይ። ጅማ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀኗ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ያንኑ የናይት ፓነል ሁለቴ ሳዪው፣ ያው ኮሪደር፣ ያው አምፖል፣ ያው ጋወን፣ የእሱ መስኮት ግን አንዴ እየጨለመ ነው አንዴ ጠራራ ፀሐይ ነው። "ከስድስት ወር በኋላ" ብለሽ መጻፍ አያስፈልግሽም። የእሱ ዓመት በብርሃን ይቀያየራል፣ ያንቺ ዓመት በዝናብ።

እነሱ ደሞ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ በማርች ሁለተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ወደኋላ። እሱ ሁሌ በሱ ሰዓት ጠዋት 4 ላይ የሚደውል ከሆነ ያ ኖቬምበር እሁድ ስልኩ ባንቺ ሰዓት በ1 ሳይሆን ማታ 2 ላይ ነው የሚጠራው። ያንን አንድ ሰዓት ምን ሆኖ ይሆን ብለሽ የጠበቅሽበት ቀን ካለ ምንም ሳትጨምሪበት ሳዪው፣ ምድጃው ላይ ያለው ነገር እያረረ፣ አንቺ እያየሽው። ሁለት ሰው አንድ ጥፋት ሳያጠፋ እንዴት እንደሚጎዳዳ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር እኔ አላውቅም።

ካልጋሪን እንዴት ነው የምትስይው? ሄደሽ አታውቂም አይደል? ከኢንተርኔት የከተማውን ፎቶ አውጥተሽ ረጃጅም ፎቆቹን አትሳዪ፣ እባክሽ። ያላየሽውን ባዶ ተዪው። አንቺ የምታውቂው ካልጋሪ ከእሱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው፣ የመስኮት ጥግ ነው፣ መስቀያ ላይ ያለ ጃኬት ነው፣ ያንን ብቻ በደንብ ሳዪና ዙሪያውን ነጭ አድርጊው። አንባቢው ከተማውን ባንቺ ዓይን ነው የሚያየው ማለት ነው፣ አንቺ የማታውቂውን አንባቢውም አያውቅም። በዛ ላይ እዛ በረዶ አለ፣ ነጩ ሁለት ሥራ ይሠራልሻል። ከፈለግሽ እሱን የማይረቡ ነገሮች ፎቶ ጠይቂው፣ የሶኬቱ ቀዳዳ ምን ይመስላል፣ የበሩ እጀታ፣ ጫማውን የሚያወልቅባት ምንጣፍ። የከተማ ፎቶ ከጠየቅሽው ቱሪስት የሚያነሳውን ነው የሚልክልሽ፣ የበር እጀታ ከጠየቅሽው ኑሮውን ይልክልሻል።

ያንቺን ጅማ ደሞ እንደዛው አድርጊ። ኮሚክ የሚያሳዩኝ ተማሪዎች ሁሉ ጅማን ለማሳየት ጀበና ይሥላሉ፣ አንድ ሁለት ደሞ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከፎቶ ይገለብጣሉ። አንቺ እዚህ ነው የምትኖሪው። ኔትወርክ የሚይዝልሽ የትኛው ጥግ ነው? በር ላይ ነው? ደረጃው ላይ? እሱ ከመሄዱ በፊት የተቀመጠባት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አሁን ምን ተቀምጦባታል፣ ባልዲ? ልብስ? ሐሙስ ገበያ ሄርማታ ስትሄጂ ለአንድ ሰው ነው ለሁለት ሰው የምትገዢው? እነዚህ ናቸው ጅማ የሚሆኑት። ቡናውን ግን ከሥዕሉ አውጪውና ቀለም አድርጊው። የምሬን ነው። ወፍራም አድርገሽ ታፈዪዋለሽ፣ ስኳር ጭራሽ አይገባም ያጣብቃል ጉንዳንም ይጠራል፣ በጨርቅ ታጠዪዋለሽ፣ ከዛ በብሩሽ ቀጠን ያለ ወረቀት ላይ ሳይሆን የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ትቀቢያለሽ። አንዴ ብቻ ከቀባሽው እንደ አሮጌ ወረቀት ይሆናል፣ ደርቆ ሁለተኛ ስትደግሚው እንደ ቆዳ፣ ሦስተኛ ላይ የጭቃ መንገድ ቀለም ይመጣል። ያንቺን ፓነሎች ሁሉ በዚህ፣ የእሱን በሰማያዊ እርሳስ ብትሠሪያቸው አንባቢ ማን የት እንዳለ በጨረፍታ ያውቃል፣ "ጅማ" "ካልጋሪ" እያልሽ ከላይ መጻፍ አይኖርብሽም። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ፓነል ላይ የሚገናኙበትን ቀን ደሞ አስቢው።

አሁን ስለ እውነት ላውራሽ፣ ይሄ ከሁሉም ይከብዳል።

እኛ አገር ኮሚክ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን ሥዕል አይተሽው ታውቂያለሽ፣ ሸራ ላይ ወይ ቆዳ ላይ በረድፍ በረድፍ የተከፋፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 44 ሥዕል ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ ሥር ሥሩ ጽሑፍ አለው። ያ ኮሚክ ነው እኮ። የርቀት ታሪክም ነው፣ ነጋዴው ታምሪን ከኢየሩሳሌም የሰለሞንን ወሬ ይዞ ይመጣል፣ ንግሥቲቱ ያንን ወሬ ሰምታ ነው የምትነሳው፣ ከዛ መንገዱ፣ ግመሉ፣ ከዛ መመለሱ አለ። ከነዚህ ሠዓሊዎች የምንወርሰው ብዙ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው፣ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ፣ ክፉው ሰው ግን በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ባለቤቴ ያን ጊዜ በዕጣ ደብረ ታቦር ተመድባ ታስተምር ነበር፣ እኔ ጅማ። ሞባይል የለንም፣ ደብዳቤ ነው፣ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ እኔ ልሂድ ካልኩ ሦስት ቀን አውቶቡስ። "ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ" እያልኩ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ላይ ሦስት ወር ሙሉ ከሷ ምንም አልመጣም። ኮሚኩን ስሠራ ያንን ሦስት ወር በ9 ገጽ ሣልኩት፣ እኔ መስኮት ላይ፣ እኔ ፖስታ ቤት በር ላይ፣ እኔ ዝናብ ውስጥ፣ እሷ ደሞ እዛ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ ስትስቅ። አንድ ማታ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ገጾቹን ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ እያገላበጠች አየች አየችና አንዱ ፓነል ላይ ጣቷን አድርጋ "አንድ ዓይኔን ምን አደረግከው?" አለችኝ። አየሁት። በ9ኙም ገጽ ላይ በጎኗ ነው የሣልኳት፣ ሳላስበው። እኔ በሁሉም ላይ ባለ ሁለት ዓይን ነኝ። ከዛ ነው ያን ጊዜ በታይፎይድ ተኝታ እንደነበር፣ አንዴ ጽፋልኝ ደብዳቤው እንዳልደረሰኝ የነገረችኝ። ማገገም ስትጀምር የጻፈችውን ደብዳቤ አምጣው አለችኝ፣ አመጣሁት፣ ጥግ ላይ ጥቁር እድፍ አለበት፣ ለ11 ዓመት የማኅተም ቀለም የፈሰሰበት ይመስለኝ ነበር። የኩራዝ ጥላሸት ነው። ተኝታ ወረቀቱን ኩራዙ ጋ አስጠግታ ነው የጻፈችው። እኔ ደሞ አምፖል ሥር ነበር የሣልኳት። 9ኙንም ገጽ ጣልኩና እንደገና ጀመርኩ፣ አሁን ኮሚኩ ውስጥ ያለው ያ ጥላሸት ነው፣ አንድ ሙሉ ፓነል።

ስለዚህ ያንቺን 12 ገጽ አውጪና የእሱን ፊት ብቻ ቁጠሪ። ስንቱ ላይ ሙሉ ፊቱ ይታያል? ስንቱ ላይ ጥፋተኛው እሱ ነው? አንቺ ያጠፋሽበት ገጽ አለ? ስልኩን ዝም ብለሽ እየጠራ ያላነሳሽበት ቀን አለ አይደል፣ እሱን አስገቢ። የፍቅር ኮሚክ በአሜሪካ በ1947 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የጀመሩት ካፒቴን አሜሪካ የተባለውን የኮሚክ ጀግና የፈጠሩት ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ ናቸው፣ ታሪኮቹ በሴት ልጅ አንደበት "በኔ የደረሰ" እየተባሉ ይቀርቡ ነበር፣ የሚጽፏቸው ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፣ ያልደረሰባቸውን። ሰው ግን በብዛት ገዝቶ አንብቧቸዋል ምክንያቱም "እውነት ነው" የሚለው ቃል አንባቢን ይይዘዋል። አንቺ ያ ቃል በእጅሽ ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ያንቺ ነው፣ አትቀላቅዪው። ሁለት ስልክ ጥሪን አንድ ማድረግ፣ የአንድ ወር ነገር ወደ አንድ ቀን መሰብሰብ ይቻላል፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ እኔም አድርጌያለሁ፣ ያልተባለ ነገር እንደተባለ አድርጎ እሱ አፍ ውስጥ ማስገባት ግን አይሆንም።

ሜሴጆቹን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥሽ፦ ሳታስፈቅጂው አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አንቀጽ 31 ላይ ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን መግለጥ እንደማይችል ይላል፣ አንቀጽ 27 ደሞ የሰውን መልክ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። ሕጉ ሲጻፍ ያሰበው ወረቀት ነው፣ እኔ ግን ለቴሌግራም ሜሴጅም ያንኑ እጠብቃለሁ፣ ሌሊት ላይ ላንቺ ብቻ ብሎ የጻፈው ነገር ነው። ቢፈቅድልሽም ደሞ ሁሉንም አታስገቢ፣ ስክሪንሾት የሞላው ኮሚክ ማንም አያነብም። አንዲት ሁለት ምረጪ። ከቃሉ ይልቅ በዙሪያው ያለው ይበልጣል፣ "እየጻፈ ነው" የሚለው ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል፣ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ "ደህና እደሪ" ብቻ ይመጣል፣ አራት ፓነል ነው ይሄ። ወይ ደሞ 0:07 የሚል ቮይስ፣ ሳትከፍቺው ሦስት ፓነል።

በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀላችሁ የምታወሩ ከሆነ፣ ጅማ ነውና ሳይሆን አይቀርም፣ እንዳለ አድርጊው። "ነጋቲ" ብሎ ስልኩን የሚዘጋን ሰው "ደህና ሁኚ" አታስብዪው።

አጻጻፉ ላይ ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። አረፋውን ሥለሽ ፊደሉን ውስጡ አትጠቅጥቂ፣ መጀመሪያ ጻፊ ከዛ ዙሪያውን ክበቢ። የኛ ቃል ረጅም ነው፣ "አላስቸገርኩህም" ብቻዋን አንድ መስመር ትወስዳለች፣ ስለዚህ አረፋሽ ወደ ጎን ሰፋ ይበል። ቃል መሃል ላይ ቆርጠሽ ወደ ታች አታውርጂ፣ የድሮ ብራናዎች ይቆርጣሉ ግን እነሱ ቃላቱን በሁለት ነጥብ ስለሚለዩ ነው፣ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። በእጅሽ ብትጽፊ ደስ ይለኛል፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ የሚባሉት የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) ይሠራሉ፣ ለስልክ አንባቢ 800 ፒክሰል ስፋት ከሆነ የምትሠሪው እኔ ፊደሉን ከ30 ፒክሰል አላሳንስም፣ "ጬ"ና "ጿ" እግራቸው ተጣብቆ አይነበብም። በስልክ ወደታች እየተሳበ የሚነበብ ከሆነ ባዶ ቦታ ማለት ጊዜ ማለት ነው፣ እጁ እየሳበ ይጠብቃል፣ ያንቺን መጠበቅ በጣቱ እንዲጠብቅ ማድረግ ትችያለሽ። ልታሳትሚው ከሆነ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ የገጹ ብዛት በ4 የሚካፈል ይሁን፣ ደብዳቤ የሚከፈትበትን ወይ በር የሚንኳኳበትን ፓነል ደሞ በቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ አድርጊው፣ መልሱ ገጹ ሲገለጥ ይምጣ።

መጨረሻውን ምን ላድርገው ላልሽው። አየር ማረፊያ አትሳዪ፣ ገና አልሆነም፣ ያልሆነውን ከሣልሽው ከዛ በፊት ያለው ሁሉ ልብ ወለድ ይመስላል። ሰርፕራይዙንም ተዪው። እሱ ሳያውቅ የተሠራ ኮሚክ ውስጥ እሱ ሁሌ ባለ አንድ ዓይን ነው፣ ምንም ብትወጂው። ግን ነገ ንገሪው አላልኩሽም። የዝናቡን ገጽና ሌላ አንድ አሥር ገጽ ጨርሺ፣ ከዛ አንድ ቀን ደውዪለትና ገጾቹን ላኪለት፣ እያወራችሁ ያንብባቸው፣ አንቺ ፊቱን እዪ። የትኛው ጋ እንደቆመ፣ የትኛውን ወደኋላ ተመልሶ እንዳየ፣ "ይሄ እንዲህ አልነበረም" ያለው የቱን እንደሆነ ጻፊ። የመጨረሻው ገጽ ያ ነው፣ እሱ ታሪካችሁን ሲያነብ ያለው ፊት፣ ሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን። ቡናው ቀለምና ሰማያዊው እርሳስ የሚገናኙትም እዛ ነው፣ እሱ ያስተካከለው ፓነል ላይ፣ በሱ ቀለም ባንቺ ገጽ።

ክረምት ላይ ከሆነ የምትደውዪለት ጠዋት አድርጊው፣ እዚህ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት ነው። ሐምሌ ውስጥ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስትደውዪ እዚያ ገና የትናንቱ ቀን ማታ 4 ሰዓት ነው፣ ጀምበር ጠልቃ ሰማዩ ሙሉ ለሙሉ ሳይጠቁር፣ ቆርቆሮሽም ደረቅ ነው፣ የሚለውን ሁሉ ትሰሚዋለሽ።